ሌሊት «እምምም» የሚለው ድምፅ ከየት ነው? መብራት ሲሄድ አዳምጪው

ከደብረ ብርሃን የጻፍሽልኝ እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መኝታ ቤት ስትገቢ «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ይሰማሻል። ባለቤትሽ እዚያው አጠገብሽ ተኝቶ «ምንም የለም» ይልሻል። ጆሮሽን በጥጥ ብትደፍኚም አልቀነሰም። ፍሪጁ ነው ብለሽ ገዢ እያፈላለግሽ ነው። «ወይስ እኔ ነኝ የታመምኩት?» ብለሽም ጠይቀሻል።

በዚህ የኤሌክትሪክ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አቤቱታ ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሰውየውን አይደለም፣ ሞተር ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮኮሞ የምትባል ከተማ ነዋሪዎች እንዲሁ «እምም ይላል» እያሉ ሲያማርሩ ኖረው፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የድምፅ ባለሙያዎች ሲለኩ ሁለት ምንጭ አገኙ። አንዱ የፋብሪካ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ነው፣ ሌላው የአየር ኮምፕረሰር። ስለዚህ አንቺም አትሸበሪ።

አሁን ወደ ሥራው። ዛሬ ማታ ድምፁ ሲጀምር ዋናውን ብሬከር አውርጂ። ስታቢላይዘርም ሆነ በባትሪ የሚሠራ ነገር ካለሽ ከሶኬት ንቀይና አጥፊው። አሥር ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ድምፁ አብሮ ከጠፋ ምንጩ ቤትሽ ውስጥ ነው፤ ብሬከሩን መልሺና ዕቃውን አንድ በአንድ እየሰካሽ ያዢው። ፍሪጅ ከሆነ ይታወቃል፣ ምክንያቱም ኮምፕረሰሩ ጥቂት ሠርቶ ያርፋል፣ ደግሞ ይነሣል። ሳያቋርጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚያጉረመርም ከሆነ ግን እኔ ስታቢላይዘሩን እጠረጥራለሁ። እሱን ቁም ሳጥን ላይ ወይም ግድግዳ ተደግፎ አስቀምጠሽው ከሆነ እንጨቱ እንደ ክራር ገላ ድምፁን ያጎላዋል። ወደ መሬት አውርጂውና ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ አድርጊ።

ብሬከሩ ወርዶም ድምፁ ካለ ሁለተኛው ፈተና የሰፈሩ መብራት ሲሄድ ነው። መብራት መጥፋቱ የሚያናድድ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ግን ከእሱ የተሻለ መሣሪያ የለኝም። ሰፈሩ ሲጨልም ድምፁ አብሮ ከቆመ ምንጩ ከቤትሽ ውጭ ያለ፣ በመብራት የሚሠራ ነገር ነው። ሁለት ነገር አስቢ፦ ትራንስፎርመርና የጎረቤት የውኃ ፓምፕ።

ትራንስፎርመር በባሕርይው ያጉረመርማል። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ ውስጡ ያለው ብረት ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ በጥቂቱ ይለጠጣልና ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ድምፁ 100 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ንዝረት ላይ ይወድቃል። ሌሊት ሰው ምጣዱንና ምድጃውን ሲያጠፋ የመስመሩ ቮልቴጅ ከፍ ይላል፣ ያኔ ድምፁም ይብሳል። «ለምን ሌሊት ብቻ?» ላልሽው አንዱ መልስ ይሄ ነው። ሌላው ብርዱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ሞቅ ያለው ከላይ ሲሆን ድምፅ ወደ ሰማይ ከመሄድ ይልቅ ወደ መሬት ይታጠፋል፤ ቀን የማይሰማሽ የፋብሪካ ወይም የወፍጮ ቤት ሞተር ሌሊት ከሩቅ ሊደርስሽ ይችላል።

ፓምፑ ግን የበለጠ ያታልላል። አንድ ጊዜ እዚያው ደብረ ብርሃን አንድ ቤት ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጌ አጥቼ፣ በመጨረሻ የመጥረጊያ እንጨት አንዱን ጫፍ ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሳዳምጥ ድምፁ ቁልጭ ብሎ መጣ። የጎረቤቱ ፓምፕ ሮቶ ለመሙላት ሌሊት ይነሣል፣ ቧንቧው ደግሞ በጋራው ግድግዳ ላይ ያለ ላስቲክ በብሎን ታስሯል። ግድግዳው ራሱ ድምፅ ማጉያ ሆኖ ነበር! ፓምፑን የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ላይ አስቀመጥነው፣ በፓምፑና በቧንቧው መካከል አጭር ጎማ ቱቦ አስገባን፣ የቧንቧውን ማሰሪያ በላስቲክ ጠቀለልነው። ከሰዓት በታች ሥራ ነው፣ ከጎረቤትየውም ጋር ቡና ጠጥተን ነው የተለያየነው። አንቺም ስትሞክሪ እንጨቱን ግድግዳና ቧንቧ ላይ ብቻ፤ ቆጣሪና ገመድ አጠገብ አታድርሺው።

ባለቤትሽ የማይሰማውስ? ይሄንን ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም ፍንጭ ነው። የ100 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ 3.4 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ ግድግዳው ጥግ ይጎላል፣ ከግድግዳው 85 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲርቅ ሊጠፋ ይችላል። አንቺ ግድግዳ በኩል፣ እሱ ከውጭ በኩል ከተኛችሁ ሁለታችሁም እውነት ተናግራችኋል። ዛሬ ቦታ ተቀያየሩና እዩት። ከዚያም አልጋውን ከግድግዳው ትንሽ ሳቡት፤ ምንጩ እስኪገኝ እንቅልፍ ይሰጥሻል። ጥጡ ያልረዳሽም ወፍራም ድምፅ በግድግዳውም በጥጡም አልፎ ስለሚሄድ ነው።

ስልክሽ ላይ የድምፅ ኸርዝ የሚያሳይ መተግበሪያ ጫኚ። ልክ 100 ላይ ከቆመ ትራንስፎርመር ወይም ስታቢላይዘር፣ ከ50 ትንሽ ዝቅ ካለ ሞተር ሊሆን ይችላል። ከፍ ዝቅ እያለ እንደ ትንፋሽ የሚመላለስ ከሆነ ፍጥነታቸው በትንሹ የሚለያይ ሁለት ሞተሮች አብረው እየሠሩ ሊሆን ይችላል።

ትራንስፎርመሩ ላይ ከደረስሽ እጅሽን አታንሺበት። ድምፁ በድንገት ከተቀየረ፣ ብልጭታ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለ ርቀሽ ቆመሽ መብራት ኃይል ጥሪ።

ሰፈሩ ጨልሞም ድምፁ ካልጠፋ ጄኔሬተርን ወይም ነፋስን ፈልጊ፤ የላላ ቆርቆሮና የሮቶው አፍ በነፋስ ያጉረመርማሉ። መብራት ወደሌለበት ገጠር ዘመድ ጋ ሄደሽ እዚያም ከተከተለሽ የጆሮ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ከልብ ምትሽ ጋር እኩል የሚመታ ከሆነ ደግሞ ሳትዘገዪ።

የሦስት ሌሊት ሰዓቱን ጽፈሽ ያዢ፣ መቼ ጀመረ፣ መቼ ቆመ። ፍሪጁን ግን ብሬከሩን ሳታወርጂ እንዳትሸጪው።