ልጁ ከሞተ በኋላ ያለው ሥራ

በልጆች ክፍል ለምትሠሩ ወጣት ሐኪሞችና ነርሶች፣

ሙያችን ልጅ ማዳን ያስተምረናል፤ ልጁ ሲሞት ግን ማሽኑ ይጠፋል፣ ካርዱ ይሞላል፣ ሁሉም ወደ ሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ታካሚዎቻችሁ እናትና አባቱ ናቸው።

መርዶ ኮሪደር ላይ ቆማችሁ አትንገሩ። ስልካችሁን አጥፉ፣ ቁጭ በሉ፣ ልጁን በስሙ ጥሩ፣ መሞቱን በግልጽ ተናገሩ። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ሲረዝም ወጣት ሐኪም ስለ ደም ግፊትና ስለ ኦክስጅን ማስረዳት ይጀምራል። ራሱን ነው የሚያረጋጋው፤ እነሱ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። "ገና ልጆች ናችሁ፣ ሌላ ትወልዳላችሁ" የሚል ማጽናኛማ ከአፋችሁ አይውጣ።

ወላጆቹ ልጃቸውን ማቀፍ ከፈለጉ አታጣድፏቸው። ከመግባታቸው በፊት ፊቱ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር ቀስ ብላችሁ አንሱ። ቱቦው ለአስከሬን ምርመራ መቆየት ካለበት ምክንያቱን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ገላው ቀዝቅዞ እንደሚያገኙትም እንዲሁ። ልብሱን አጣጥፋችሁ ስጡ እንጂ ቆሻሻ መጣያ ፌስታል ውስጥ አትክተቱ። (ይህን መጻፍ ባላስፈለገኝ ደስ ባለኝ።)

የምታጠባ እናት ከሆነች ወተቱ ልጁ ሞተ ብሎ አይቆምም። ጡቷ ሞልቶ፣ ጠጥሮ፣ ልብሷን ሲያርስ ማንም ያልነገራት እናት ትደነግጣለች። ሕመሙ እስኪቀልላት ብቻ ጥቂት እንድታልብ፣ ቀስ በቀስ እንደሚደርቅ፣ ጡቷ ከቀላና ካተኮሳት ሐኪም እንድታይ ንገሯት።

"ቀደም ብዬ ባመጣው ይድን ነበር?" የማይል ወላጅ ጥቂት ነው። ለማጽናናት ብላችሁ አትዋሹ፤ ኋላ ይደርሱበታል። ቀድሞ መምጣቱ የማያድነው ከነበረ ግን ደጋግማችሁ ንገሯቸው፤ አንዴ ተብሎ አይበቃም። መዘግየቱ ጎድቶት ከሆነም፣ የወሰኑት በዚያን ጊዜ የሚያውቁትን ይዘው መሆኑን አስታውሷቸው።

ሐዘናቸውን በደረጃ አትለኩ። የአእምሮ ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 አምስቱን ደረጃዎች (መካድ፣ መቆጣት፣ መደራደር፣ መተከዝ፣ መቀበል) የጻፈችው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማንን አነጋግራ ነው፤ ልጅ የቀበሩ ወላጆችን ተከትላ አይደለም። የሐዘን ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት፣ ሐዘንተኛ በሐዘኑና በኑሮው መካከል ይመላለሳል የሚለው ሐሳብ እኔ ካየሁት ጋር ይበልጥ ይገጥማል። እናት ስታነባ አባት ስለ ሒሳብና ስለ መኪና ሲያወራ ብትሰሙ አልከፋውም አትበሉ፤ ነገ ተራው ሊገለበጥ ይችላል። "እኔም ልከተለው" የሚል ቃል ከሰማችሁ ግን ሐዘን ነው ብላችሁ አትለፉት፤ በቀጥታ ጠይቁ፣ የአእምሮ ሐኪም በዚያው ቀን ይያቸው።

ከሥራ ከመውጣታችሁ በፊት የልጁን ቀጠሮዎች ከመዝገብ አሰርዙ። የክትባት ማስታወሻ እናቱ ስልክ ላይ መድረስ የለበትም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ደውሉላቸው። ጥያቄያቸው የሚመጣው ያኔ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የነገራችኋቸውን አብዛኛውን ስለማያስታውሱት እንደ አዲስ ንገሯቸው።