«እንቅልፍ እንደወሰደኝ አስመስላለሁ»

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ 4 ወር ሆነኝ። ስወልድ ተቀድጄ ስለነበር ተሰፍቻለሁ። በ6ኛው ሳምንት ሐኪሟ አየችኝና «ስፌቱ ድኗል፣ ግንኙነት መጀመር ትችላላችሁ» አለችኝ። ከሳምንት በኋላ ሞከርን። በጣም አመመኝ። ባለቤቴ እንዳይከፋው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሞክረናል፤ ያው ነው። አሁን ወደ መኝታ ሲመጣ ሕፃኑን አቅፌ እንቅልፍ እንደወሰደኝ አስመስላለሁ። እሱ ምንም አይልም፤ ፊቱን አዙሮ ሲተኛ ግን ሆዴ ይላወሳል። እወደዋለሁ እኮ። ምን ነካኝ? ፍላጎቴስ ይመለስ ይሆን?

እንቅልፍ ያጣች እናት

እህቴ፣

«ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ» ያልሽው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሕመሙን ብቻሽን ተሸክመሽዋል። ስለ ፍላጎት ኋላ እናወራለን፤ መጀመሪያ ሕመሙ።

ጡት በምታጠቢበት ጊዜ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል። እሱ ሲቀንስ ብልት ይደርቃል፣ ቆዳውም ይሳሳል። ልብሽ እየፈለገ እንኳ ሰውነትሽ ላይረጥብ ይችላል። በደረቁ ሲሆን ያቃጥላል፤ የስፌቱ ቦታም ይወጠራል። አንዴ የታመመ ሰውነት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ገና ሳይነኩት ይኮማተራል፤ ያ ራሱ ሕመሙን ያባብሰዋል። በአንቺ የደረሰውም ይኼ ይመስለኛል። ባልሽን ከመውደድና ካለመውደድ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ሐኪሟ «ትችላላችሁ» ስትል ደሙ ቆሟል፣ ቁስሉ ገጥሟል ማለቷ ነው። በዚያ ሳምንት መጀመር አለብሽ አላለችም። ወራት የሚቆዩ ባልና ሚስቶች ብዙ ናቸው።

በ4 ወር አሁንም የሚያም ከሆነ ግን ተመለሺና ታዪ። ሳትጠየቂ ራስሽ አንሺው፤ «ግንኙነት ስናደርግ ያመኛል» በያት፣ ቦታውንም አሳያት። ጠባሳው ጠንክሮም ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔ አለው። ለድርቀቱ ፋርማሲ የሚሸጥ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ አለ። ቫዝሊንና ዘይት አትጠቀሙ፤ በተለይ ኮንዶም ካለ ያበላሹታል። ስትጀምሩም አንቺ ከላይ ብትሆኚ ይሻላል፤ ምን ያህል፣ በምን ፍጥነት የሚለው በእጅሽ ይሆናል። ካመመሽ አቁሙ። ጡትሽ ወተት ቢያፈስም አትደንግጪ፣ ያጋጥማል።

ባለቤትሽ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። የሚያየው የተኛች ሚስት ነው። «ጠልታኛለች» ብሎ እያሰበ ሊሆን ይችላል። በቀን፣ ሕፃኑ ሲተኛ፣ «አንተን መሸሼ አይደለም፤ ስለሚያመኝ ነው» በይው። ታክመሽ እስክትድኚ ግንኙነት እንደማይኖር ተስማሙ። ያኔ መታቀፉም መሳሳሙም ወዴት ይሄድ ይሆን ብለሽ ሳትሰጊ ይሆናል። ይህን ቀላል ነገር አድርገሽ አትዪው፤ እኔ ከማለስለሻውም በፊት የማስቀድመው እሱን ነው።

ፍላጎትሽስ? ሌሊት ሦስት አራቴ የሚነሳ ሰው የሚመኘው እንቅልፍ ነው። ባልሽ ሕፃኑን ተቀብሎ ጥቂት ሰዓት ያስተኛሽ። ሕመሙ ሲቀንስና እንቅልፍ ስታገኚ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ከሁለት ሳምንት በላይ ሆድ እየባሰሽ ካለቀስሽ፣ በልጅሽም መደሰት ካቃተሽ ግን እሱን ለሐኪሟ ሳትውይ ሳታድሪ ንገሪያት።

አንድ ነገር ልጨምር። የወር አበባ ሳይመጣም ይረገዛል። ጡት ማጥባት በደንብ የሚከላከለው ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ሆኖ፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ሲጠባ፣ የወር አበባም ገና ሳይመለስ ነው። ይህ ሁሉ ቢሟላልሽ እንኳ አንቺ የቀረሽ 2 ወር ነው። ለሕመሙ ስትሄጂ ጡት ለምታጠባ እናት ስለሚሆነው የወሊድ መቆጣጠሪያም አብረሽ ጠይቂ። ባለቤትሽም አብሮሽ ቢገባ ደስ ይለኛል።