የዓለም አቀፍ የምርምር ማኅበር ደንብ ስታረቅቁ መጀመሪያ የመዋጮውን አንቀጽ ተመልከቱ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከስዊድንና ከአሜሪካ የተሰባሰብን ወደ 40 የምንጠጋ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ነን። የምርምር ማኅበር ልናቋቁም ነው። የሌላ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ወስደን ስሙን ቀይረን ብንጠቀምበት ምን ችግር አለው?»

ዶክተር፣ ጥያቄዎን ሳነብ የድሮው ነገር ሁሉ መጣብኝ። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። በአንድ ዓለም አቀፍ የሕክምና ምርምር ማኅበር ውስጥ ስድስት ዓመት በጸሐፊነት አገልግያለሁ። ስሙን አልጠራም። ማኅበሩ አሁንም አለ፤ ሰዎቹም ደጋግ ሰዎች ናቸው። ደንቡ ግን ከአውሮፓ ከአንድ አገር የሙያ ማኅበር የተገለበጠ ነበር። አባላቱ ሁሉ አንድ አገር የሚኖሩ፣ አንድ ዓይነት ባንክ የሚጠቀሙ፣ ባቡር ተሳፍረው ለስብሰባ የሚደርሱ አድርጎ ነው የጻፈው። እኛ ደግሞ በሰባት አገር ተበትነን ነበር።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። መገልበጡ ራሱ ችግር የለውም። አብዛኛው አንቀጽ የትም ቢሄዱ ተመሳሳይ ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ድምፅ ያለውና የሌለው የሚለይባቸውን ሦስት አራት መስመሮች ነው። እነሱ ደግሞ «የድምፅ መብት» የሚል ርዕስ ተሰጥቷቸው አይመጡም። የአባልነት መዋጮ በሚለው አንቀጽ ውስጥ ተሸጉጠው ነው የምታገኟቸው።

የእኛ ደንብ «ዓመታዊ መዋጮውን በ60 ቀን ውስጥ ያልከፈለ አባል አባልነቱ ይቋረጣል» ይል ነበር። ሲነበብ ማንም አልተቃወመም፤ ትክክል ይመስላል። መዋጮው 80 ዩሮ ነበር። የሚከፈለው በኢንተርኔት፣ በዓለም አቀፍ ካርድ ብቻ ነው።

ጎንደር የሚሠራ አንድ ባልደረባ ነበረን። የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ታማሚዎችን ናሙና የሚሰበስበው፣ ከታማሚው አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ፈቃድ የሚጠይቀው እሱ ነው። ሊከፍል ባንክ ሄደ። ከማኅበሩ ደብዳቤ አምጣ አሉት። ደብዳቤ አጻፍንለት፤ ተመልሶ ሄደ። የውጭ ምንዛሬ ወረፋ አለ ተባለ። 60 ቀኑ ሊያልቅ ሲል ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቱ ልጅ በካርዷ ከፈለችለት። ሲስተሙ የመዘገበው የካርዱን ባለቤት ነው። የምርጫው ሊንክ በኢሜይል የተላከው ለእሷ ሆነ። ልጅቷ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። እሱ ደውሎልኝ «ታዲያ እኔ አባል ነኝ ወይስ አይደለሁም?» ሲለኝ ደንቡን ገልጬ አየሁት፤ አባል አልነበረም።

በዚያ ዓመት ከኢትዮጵያ 19 ነበርን። ድምፅ መስጠት የቻልነው አራት ብቻ ነን። ለድምፅ የቀረበው ጉዳይ ደግሞ ናሙናዎቹ የት አገር ይከማቹ የሚል ነበር። ውሳኔው በደንቡ መሠረት ሕጋዊ ነበር። ክፋት ያሰበ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ይኸው ነው፤ ናሙናው የተወሰደው ከእኛ ታካሚዎች ሆኖ ሳለ፣ ማንም ሳያስበው ከውሳኔው ውጭ ሆንን። የሰፈራችን ዕድር እንኳ መዋጮ ያዘገየን ሰው ከመሰረዙ በፊት ቤቱ ድረስ ሰው ይልካል።

ስለዚህ እናንተ እንዲህ አድርጉ። የመዋጮውን መጠን ደንቡ ውስጥ አትጻፉት። ደንብ ለማሻሻል ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት ያስፈልጋል፤ የመዋጮ መጠን ግን በየጊዜው ይለወጣል። ደንቡ «መጠኑን ጠቅላላ ጉባኤው በየዓመቱ ይወስናል» ብሎ ይለፈው። መጠኑም በአገር ገቢ ይለያይ። ብዙ ዓለም አቀፍ ማኅበራት የዓለም ባንክን የአገሮች የገቢ ምድብ ይጠቀማሉ፤ ለክርክር በር አይከፍትም። በየአገሩ በአገሩ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው እንዲኖር ደንቡ ይፍቀድ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያልከፈለ አባል መጀመሪያ የሚቀርበት የጉባኤ ቅናሽና የመጽሔት አገልግሎት እንጂ ድምፁ አይሁን። ድምፁ የሚታገደው ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ተነግሮት፣ የመክፈያ መንገድ እንደነበረው ከተረጋገጠ በኋላ ይሁን። መክፈል ላልቻለ ሰው ምሕረት የሚሰጠውም ሊቀመንበሩ ብቻውን አይሁን። በምርጫ ዓመት አንድ ሰው ብቻውን ማን ከመዋጮ ነፃ ይሁን ማን አይሁን ብሎ ከወሰነ፣ ማን ይምረጥ ማን አይምረጥ ወሰነ ማለት ነው።

ድምፅ እንዴት ይመዘን የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ ካላችሁ ብዙ አባል ያለው አገር ሁልጊዜ ያሸንፋል። ለአንድ አገር አንድ ድምፅ ካላችሁ ሦስት ሰው ያለው አገር ከሠላሳው ጋር እኩል ይሆናል። በፈረንጆች 1947 ፓሪስ ላይ የተመሠረተውን የዓለም ሐኪሞች ማኅበር ተመልከቱ። አባላቱ ብሔራዊ የሐኪም ማኅበራት ናቸው። ድምፃቸው መዋጮ በሚከፍሉላቸው ሐኪሞች ብዛት ልክ ነው። በዚህ ብቻ ቢቆም ኖሮ ሀብታሞቹ ሁሉን ይወስኑ ነበር። የሥነ ምግባር ሰነዶች ሲሆኑ ግን ተራ አብላጫ አይበቃም፤ ሦስት አራተኛ ድምፅ ይጠየቃል። በ1964 የጸደቀውና በ2024 እንደገና የተሻሻለው፣ በሰው ላይ ስለሚደረግ የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር የሚናገረው የሄልሲንኪ መግለጫ የዚህ ማኅበር ሰነድ ነው። እናንተም ናሙናና ዳታን የሚመለከት ውሳኔ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቅ በሉ። በዚያ ላይ ናሙናው የተወሰደበት አገር አባላት አብላጫቸው ካልተስማሙ አይጸድቅም የሚል መስመር ጨምሩበት። እኛ ከዚያ ምርጫ ሁለት ዓመት በኋላ ነው ይህንን ያስገባነው። ናሙናዎቹ ግን ሄደዋል።

ወደ ምልዓተ ጉባኤ ልለፍ። የተገለበጠው ደንባችን ከጠቅላላው አባላት ከግማሽ በላይ መገኘት አለበት ይል ነበር። 140 ነበርን፤ 71 ያስፈልጋል። ዙም ላይ የዋሽንግተኑ ከምሳ በኋላ ሲገባ አዲስ አበባ ምሽት 4 ሰዓት ሆኗል። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆረጣል። በመጀመሪያው ጥሪ 52፣ በሁለተኛው 66፣ በሦስተኛው 58 ሰው ተገኘ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያለ ምርጫ ቆየን። በዚህ መሐል ገንዘብ ያዡ ጡረታ ወጥቶ አገር ቀየረ። የባንክ ፊርማው ግን በእሱ ስም ነው። አዲስ ፈራሚ ለመሾም ባንኩ የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል፤ ጉባኤው ደግሞ አይሟላም። ሁለት የምርምር ረዳቶች ለአራት ወር ደመወዝ ሳያገኙ የሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ የመጀመሪያው ጥሪ ካልተሟላ በሁለተኛው ጥሪ በተገኘው ሰው ብዛት ይወሰናል፤ ግን አስቀድሞ በተላከው አጀንዳ ላይ ብቻ። ማፍረስንና አባል ማባረርን ከዚህ አውጧቸው።

ትንሽ የሚመስል ሌላ ነገርም አለ። ደንቡ በየትኛው ካላንደርና ሰዓት እንደሚቆጠር ይናገር። ሐምሌ 29 እና ጁላይ 29 የአንድ ሳምንት ልዩነት አላቸው። የእኛ አንድ የስብሰባ ጥሪ በአማርኛው «ከቀኑ 9 ሰዓት» ተብሎ ወጣ፤ እንግሊዝኛው ቁጥሩን ብቻ ወሰደው። የስቶክሆልሙ ሰው ጠዋት ገብቶ ብቻውን ጠብቆ ወጣ፤ በኋላም ጥሪው አልደረሰኝም ብሎ ውሳኔውን ተቃወመ። መብቱ ነበር። በግሪንዊች ሰዓት ጻፉት፤ ትርጉም ሲለያይ የትኛው ቋንቋ እንደሚጸናም በአንድ መስመር አስቀምጡ።

የት አገር እንመዝገብ የሚለው ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ነው። ጠበቃ የሚያስፈልጋችሁም እዚህ ጋ ነው፤ እኔ ሐኪም ነኝ። ያየሁትን ያህል ግን ልበል። ስዊዘርላንድ ብዙ ዓለም አቀፍ ማኅበራት ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 60 ጀምሮ ስለ ማኅበር ይደነግጋል። ዓላማውን፣ ገቢውንና አደረጃጀቱን የሚገልጽ ደንብ በጽሑፍ ካለ ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት ያገኛል። ከአባላት አንድ አምስተኛው ከጠየቁ ጉባኤ መጠራት አለበት። አንድ አባል ከራሱ፣ ከትዳር ጓደኛው ወይም ከወላጅና ከልጁ ጋር ማኅበሩ ባለው ጉዳይ ላይ ድምፅ አይሰጥም። ሕግ ወይም ደንብ በጣሰ ውሳኔ ያልተስማማ አባልም ውሳኔውን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የትም ብትመዘገቡ እነዚህን ሦስቱን ደንባችሁ ውስጥ አስገቧቸው።

አሜሪካ 501ሲ3 (በታክስ ሕጉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ምድብ) ሆናችሁ ከተመዘገባችሁ ከታክስ ነፃ የሆነ ልገሳ መቀበል ይቀላል። ማኅበሩ ሲፈርስ ግን የተረፈው ንብረት ለአባላት አይከፋፈልም፤ ለተመሳሳይ የበጎ አድራጎት ዓላማ እንደሚውል ደንቡ ላይ መጻፍ አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው የሚሠራው። አገር በቀል ድርጅት የሚመሠርቱት ኢትዮጵያውያን ወይም ኢትዮጵያ ነዋሪ የሆኑ የውጭ ዜጎች ናቸው። ከመሥራቾቻችሁ የስዊድንና የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘው እዚያው የሚኖሩ ካሉ ይህንን ከወዲሁ እዩት። ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪም ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ስብሰባ ለሚበዛበት ማኅበር ይህ ቁጥር ቶሎ ይሞላል።

አባል ስለማባረር የሚለውን አንቀጽ ማንም ማንበብ አይፈልግም። ገና ስትመሠርቱ ሁላችሁም ወዳጆች ናችሁ። ኮክሬን ላይ የሆነውን ግን አስታውሱ። በፈረንጆች 1993 የተቋቋመ፣ የሕክምና ማስረጃዎችን ገምግሞ በማጠቃለል ዓለም የሚያምነው ድርጅት ነው። በሴፕቴምበር 2018 በኤድንብራው ጉባኤ ሰሞን ቦርዱ ከራሱ አባላት አንዱን፣ ዴንማርካዊውን ሐኪም ፒተር ጎትሼን፣ ከድርጅቱ አባልነት ለማስወጣት ድምፅ ሰጠ። ስድስት ደገፉ፣ አምስት ተቃወሙ፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ። አራት የተመረጡ የቦርድ አባላት ተቃውመው ለቀቁ። እነሱ ሲለቁ በደንቡ የተቀመጠው የተመራጮችና የተሿሚዎች ሚዛን ተዛባ፤ ሚዛኑን ለመመለስ ሁለት ተሿሚዎችም እንዲወጡ ተደረገ። ማን ትክክል ነበር የሚለው ውስጥ አልገባም። በአንድ ድምፅ ብልጫ ሰው ማስወጣት ምን ያህል እንደሚያናጋ ግን ዓለም ሁሉ አየ። እናንተ ክሱ በጽሑፍ ይድረሰው በሉ። ቢያንስ 30 ቀን መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ይኑረው። ውሳኔው ሁለት ሦስተኛ ይጠይቅ፤ ይግባኙንም ቦርድ ውስጥ የሌሉ ሰዎች ይስሙት።

ስለ ጽሑፍ ደራሲነት ደንቡ ውስጥ ብዙ አትጻፉ፤ የውስጥ መመሪያ ይበቃዋል። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው፤ ደራሲ የሚባለው አራቱንም ያሟላ ነው። እሱን ተቀበሉትና የክፍል ኃላፊ በመሆኑ ብቻ ስሙ የሚገባ ሰው እንዳይኖር አድርጉ። የናሙናና የዳታ ጉዳይን ግን ዋናው ደንብ ውስጥ አስገቡት። ማኅበሩ የናሙና ባለቤት እንዳልሆነ፣ ታካሚው ፈቃድ ከሰጠበት ዓላማና የሥነ ምግባር ኮሚቴው ካጸደቀው ውጭ ማንም እንደማይነካው ይጻፍ። የታይፔ መግለጫ የሚባለው፣ በፈረንጆች 2016 የተሻሻለው የዓለም ሐኪሞች ማኅበር ሰነድ፣ ስለ ጤና ዳታቤዝና ስለ ናሙና ባንክ ነው። ከማርቀቃችሁ በፊት አንብቡት።

የማኅበሩ ማፍረሻ አንቀጽ ላይም ገንዘቡን ብቻ አትጥቀሱ። ፍሪዘር ውስጥ ያለው ናሙና የት ይሄዳል? የመብራቱን ማን ይከፍላል? ናሙናው ወደተወሰደበት ተቋም ይመለስ፣ ወይም የሥነ ምግባር ኮሚቴው ባለበት ይወገድ ብላችሁ ጻፉ።

ዶክተር፣ ረቂቁን ስትጨርሱ ቢልኩልኝ በደስታ አነበዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ አለኝ። የጎንደሩ ባልደረባችንም አብሮኝ እንዲያነብ ጠይቄው እሺ ብሏል፤ እሱ ከመዋጮው አንቀጽ ነው የሚጀምረው።