«ጎበዝ ነው፣ አታስቢ» ተባልኩ

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ። የምንኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ባለፈው ቅዳሜ የነዳጅ ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲደማምር ልጁ ከጎኑ ቆሞ አየና «አባዬ፣ በ200 ጋሎን 1,240 ማይል ከሄድክ እኮ በጋሎን 6.2 ማይል ነው» አለው። እርሳስ እንኳ አልያዘም። ትምህርት ቤት ግን አሁንም 7 ሲባዛ በ8 ላይ ናቸው። ቶሎ ሲጨርስ ቀለም የሚቀባ ሥዕል ይሰጡታል። በወላጆች ቀን ለአስተማሪዋ «ልጄ ሰልችቶታል» አልኳት። «ጎበዝ ነው፣ አታስቢ» ብላ ሸኘችኝ። እንግሊዝኛዬም ብዙ ስላልሆነ ከዚያ በላይ መከራከር አፈርኩ። እኛ አገር ጎበዝ ተማሪ ደብል ይመታ ነበር። እዚህ ምን ብዬ ልጠይቅ?

የሁለት ልጆች እናት

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ «ሰልችቶታል» የምትለዋን ቃል ተያት። አስተማሪ ጆሮ ውስጥ ስትገባ «አንቺ ማስተማር አትችዪም» ትሆናለች። እኔም በልጄ ጊዜ ይቺኑ ቃል ይዤ ሄጄ፣ ፈገግታ ተቀብዬ ተመልሻለሁ።

የምትፈልጊው ነገር ስም አለው። «ሰብጀክት አክሰለሬሽን» ይሉታል። ልጁ ሦስተኛ ክፍል እንዳለ ይቆያል፣ ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተነስቶ አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል ገብቶ ይማራል። አንቺ ያልሽው ደብል መምታት ሙሉ ክፍል መዝለል ነው፣ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ከጻፍሽው እንዳየሁት ልጅሽ አሁን የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ደግሞ ልመና አይደለም። በኦሃዮ ከ2006-07 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይህን የሚያስተናግዱበት ፖሊሲ እንዲኖራቸው ግድ ነው። ወላጅም «ልጄ ይገምገም» ብሎ ማመልከት ይችላል። አስተማሪዋ ብቻዋን እሺም እንቢም የምትልበት ጉዳይ አይደለም። ፕሪንሲፓሉ (ርዕሰ መምህሩ)፣ የአሁኗ አስተማሪ፣ የሚቀበለው ክፍል አስተማሪና አንቺ ራስሽ ያላችሁበት ኮሚቴ ነው የሚወስነው፣ ውሳኔውም በጽሑፍ ይሰጥሻል። ካልተስማማሽ በ30 ቀን ውስጥ ለሱፐርኢንቴንደንቱ፣ ማለትም ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ፣ በጽሑፍ ይግባኝ ትያለሽ። ስለዚህ በር ላይ ቆሞ ማውራቱን ትተሽ ለፕሪንሲፓሉ አጭር ኢሜይል ላኪ። «ልጄ በሒሳብ ለሰብጀክት አክሰለሬሽን እንዲገመገም እጠይቃለሁ» በቂ ነው። ኢሜይል ቀኑን ይይዝልሻል።

እንግሊዝኛሽን አትፈሪው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ብዙም የማይችሉ ወላጆችን በሚገባቸው ቋንቋ ማነጋገር አለበት፣ መነሻው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ በነፃ ነው። እባክሽ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጊው። ስለ ራሱ የሚባለውን እየተረጎመ፣ እያፈረ ግማሹን ይውጠዋል።

አሁን ወደ ከባዱ። የደረሰኙ ነገር በጣም ደስ ይላል፣ እኔም ሳነብ ፈገግ ብያለሁ፣ ግን ኮሚቴው ፊት ብቻውን አያቆምሽም። ቶሎ ማስላትና ሒሳብ መረዳት አንድ አይደሉም። ብዙ ልጆቻችን በማጠናከሪያ ትምህርት ማባዛትን እንደ ዳዊት ይደግሙታል፣ «ለምን?» ሲባሉ ግን ዝም። እስቲ ዛሬ ማታ እራት ላይ ሦስት አምስተኛና አራት ሰባተኛ የቱ ይበልጣል ብለሽ ጠይቂው። ሦስት አምስተኛ ነው የሚበልጠው። መልሱን ማግኘቱ ሳይሆን እንዴት እንደሚያስረዳሽ አድምጪ፣ ዳቦ ቆርሶም ይሁን ሥዕል ስሎ። ካስረዳሽ ልጁ እውነትም ቀድሟል። ካልቻለም ክፍተቱን አትደብቂ፣ እንዲህ ያለ ልጅ በጥቂት ሳምንት ይሞላዋል።

ከዚያ አራተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ የሚሰጠውን ዓይነት ፈተና እንዲፈትኑት ጠይቂ። በሦስተኛ ክፍል ፈተና መቶ ቢያመጣ የሚለው ያንኑ ነው፣ ጎበዝ ነው። የላይኛው ክፍል ፈተና ግን የት ጋ እንደሚያቆመው ያሳያል።

«ከትልልቅ ልጆች ጋር ይጨነቃል» ማለታቸው አይቀርም። ለ45 ደቂቃ እኮ ነው፣ ምሳውንም ጨዋታውንም ከእኩዮቹ ጋር ነው። ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከ1971 ጀምሮ በሒሳብ የቀደሙ ልጆችን መከታተል ይዞ ነበር፣ በ2004 ከአይዋ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሪፖርትም ጥናቶቹን ሰብስቦ ማስቀደሙ እንደሚጠቅም፣ የሚፈሩት ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው እንደሆኑ ጽፏል። «በኋላ የሚማረው ሒሳብ ያልቅበታል» ካሉሽ ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የኮሌጅ ኮርስ የሚወሰድበት ኮሌጅ ክሬዲት ፕላስ አለ በያቸው፣ በመንግሥት ኮሌጅ ከሆነ ክፍያ የለውም።

እኔ የምፈራው ሰዓቱን ነው። የሁለቱ ክፍሎች የሒሳብ ሰዓት ካልገጠመ ልጁ ንባብ ወይም ስፖርት እየቀረበት ይሄዳል። በጽሑፍ የሚወጣው እቅድ ላይ ይህ በግልጽ እንዲሰፍር አድርጊ። ልጁ አምስተኛ ክፍል ሲደርስ ለሒሳብ ወደ ሚድል ስኩል ማን እንደሚያደርሰውም ከአሁኑ ጠይቂ፣ ብዙ ወላጅ እዚያ ጋ ነው የሚደናቀፈው።

ልጁንም አማክሪው። ካልተመቸው በመሸጋገሪያው ጊዜ፣ ማለትም አዲሱን ክፍል በሚለምድበት ጊዜ ውስጥ፣ ያለ ምንም ቅጣት ወደ ክፍሉ መመለስ እንደሚችል ንገሪው።