ሌላ ሞጁል ከመሰካታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት፣ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ያልሞላት አንዲት ወጣት መሐንዲስ ድሬዳዋ ከዚራ ወደሚገኘው ቤቴ መጥታ ነበር። ትንሹን የኮምፒውተር ሞጁል ተሸክሞ ኃይልና ልዩ ልዩ መሰኪያዎች የሚያቀርብለትን የሙከራ ሰሌዳ፣ እናንተ ካሪየር ቦርድ የምትሉትን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዘጋጅ ሞጁሉን ሰክታ ብታበራው ምንም ምልክት አላገኘችም። «ጋሼ፣ ሞጁሉ የሞተ ይመስለኛል። አንድ ያልተነካ አለኝ፤ እሱን ሰክቼ ልሞክር?» አለችኝ። «አይሆንም!» ብዬ ስጮህ ደነገጠች። ወዲያው ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ለምን እንደጮህኩ ግን በዚያ ሰዓት ልነግራት አልቻልኩም። አሁን ለእሷም ለእናንተም እጽፈዋለሁ።

ከዓመታት በፊት ሦስት ሆነን ድሬዳዋ ውሃ የምታገኝባቸውን ጥልቅ ጉድጓዶች ፓምፖች ከሩቅ የሚከታተል መሣሪያ ለመሥራት እንሞክር ነበር። በእጃችን የነበረው አንድ ካሪየር ቦርድና ወራት ጠብቀን በጅቡቲ በኩል የደረሱን ሦስት ሞጁሎች ብቻ ነበሩ። የሞጁሎቹ የመግቢያና የመውጫ እግሮች የሚሠሩት በ1.8 ቮልት ነበር። ካሪየር ቦርዱ ደግሞ ለተለያዩ ሞጁሎች እንዲያገለግል ተብሎ የተሠራ ስለነበር፣ ይህ ቮልቴጅ 1.8 ወይም 3.3 እንዲሆን በአንዲት ጃምፐር፣ ማለትም ሁለት እግሮችን በምታገናኝ ትንሽ ተነቃይ መሰኪያ፣ ይመረጥበታል። አዲሶቹን ሞጁሎች ከሰካንበት ቀን አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ አንድ የቆየ ሞጁል ልሞክር ጃምፐሯን ወደ 3.3 ያዞርኳት እኔው ነበርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ የትም አልጻፍኩም።

ወሩ ግንቦት፣ ሰዓቱም ከተማው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ በሩን ዘግቶ የሚያርፍበት ነበር። በማግስቱ ሥራውን የሚያዩ እንግዶች ስለሚመጡ እኛ አላረፍንም። አብሮን የሚሠራው ቴክኒሻን መጋላ ተወልዶ ያደገ፣ ንግግሩ ጥቂት፣ እጁ ግን የማይሳሳት ወጣት ነበር። ሞጁሎቹን ከማሸጊያቸው አውጥቶ ከደረደረ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ሳንሰካ ባዶውን አብርተን ብንለካውስ?» አለኝ። «ይህን ሰሌዳ ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ» ብዬ መለስኩለት። ቃሉ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የመጀመሪያውን ሞጁል ሰክተን ስናበራው ሞጁሉ ጽሑፍ በሚልክበት ሽቦ፣ በሲሪያል መስመሩ ላይ፣ ጥቂት የማስነሻ ጽሑፍ ታየ፤ ከዚያ የተዘበራረቁ ፊደላት መጡና መስመሩ ዝም አለ። ጣቴን ሳሳርፍበት አቃጠለኝ። «ይሄኛው ተበላሽቶ ነው የመጣው» አልኩና ሁለተኛውን ሰካሁ። ሁለተኛው አንድ ፊደል እንኳ ሳያሳይ ጋለ። እጄን ወደ ሦስተኛው ስሰድ ልጁ ምንም ሳይናገር መዳፉን ካርቶኑ ላይ አሳረፈ፤ በሌላ እጁም ቴስተሩን አቀበለኝ። ለካሁ። 1.8 መሆን የነበረበት ቦታ 3.3 አነበብኩ።

የሆነው ቀላል ነው። በእያንዳንዱ የቺፕ እግር ላይ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ሲመጣ ወደ ቺፑ የኃይል መስመር የሚያሳልፉ ትናንሽ መከላከያ ዳዮዶች አሉ። እነርሱ የተሠሩት ለቅጽበታዊ ብልጭታ እንጂ ለደቂቃዎች ለሚዘልቅ ፍሰት አይደለም። 3.3 ቮልት ከውጭ ሲገፋባቸው በ1.8 መስመር ውስጥ ያለማቋረጥ ፍሰት አስገቡ፤ ቺፑም ከውስጥ ተቃጠለ። ሁለተኛውን ሞጁል የገደለው ደግሞ የመጀመሪያውን በገደለው ሰሌዳ ላይ ሞጁሉን ለመፈተን መነሳቴ ነው። ካሪየር ቦርዱ በተጠረጠረበት ሰዓት ጤነኛ ሞጁል የሙከራ ዕቃ ሊሆን አይገባም ነበር።

እስከዚህ ያለው ስህተት ነው፤ ስህተት ማንም ይሠራል። የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ስገልጽ «በአያያዝ ወቅት በደረሰ የስታቲክ ኤሌክትሪክ ጉዳት» አልኩ። በድሬዳዋ ደረቅ አየር ይህ ሊታመን የሚችል ነገር ስለሆነ ማንም አልጠየቀኝም። ሞጁሎቹን ከማሸጊያቸው ያወጣው ማን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። የልጁ ኮንትራት ሲያልቅ አልታደሰለትም። ሲሰናበተኝ በአክብሮት ጨበጠኝ፤ እኔም ጨበጥኩትና ዝም አልኩ።

አባቴ በምድር ባቡር የጥገና ጋራዥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር በተዘረጋው በቀድሞው ሐዲድ የሚመላለሱትን ሎኮሞቲቮች ሲጠግን፣ የፈታውን እያንዳንዱን ብሎን ቁጥር በጠመኔ በብረቱ ላይ ይጽፍ ነበር። ልጅ ሳለሁ ምሳ ይዤለት ስሄድ እጁ በቅባት ጠቁሮ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ብቻ የጠመኔ ንጣት አያለሁ። ጽሕፈቱን የተማረው ጎልምሶ ነው፤ እኔ በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሰው ግን አንዲት ጃምፐር ማዞሬን በወረቀት ላይ አላሰፈርኩም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምለምናችሁ፣ ከሰሌዳው አጠገብ አንድ ደብተር አስቀምጡ፤ የነካችሁትን ጃምፐር፣ ከየት ወደ የት እንደሄደ፣ ቀኑንና ስማችሁን ጻፉ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ታልፋላችሁ፤ ፎቶው ግን በሺህ ፎቶዎች መካከል ይጠፋል፤ ለምን እንዳዞራችሁትም አይናገርም። የዛሬ ወጣት ለማንበብ ትዕግሥት የለውም እላለሁ፤ ነገር ግን መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብባ የመጣችው ያቺ ልጅ ስለሆነች ይህን ስል ራሴን እጠራጠራለሁ።

ሞጁል ከመሰካታችሁ በፊት ባዶውን ሰሌዳ አብርታችሁ ለኩ፤ ስትለኩም አንድ ነገር አስተውሉ። ስማርክ በሚባለው የሞጁል ደረጃ የተሠሩ ካሪየር ቦርዶች ሞጁሉ ራሱ ምልክት እስኪሰጣቸው ድረስ አብዛኞቹን የኃይል መስመሮች አይከፍቱም፤ ስለዚህ ቴስተሩ ዜሮ ቢያሳይ ሰሌዳው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በዚያን ጊዜ ኃይሉን አጥፍታችሁ ጃምፐሩ የትኛውን መስመር ከየትኛው ጋር እንዳገናኘ በኦም መለኪያ አረጋግጡ። ሲሪያል ኬብልንም አትናቁ። አር-ኤስ-232 የሚባለው የቆየ የሲሪያል መስመር ዓይነት በአዎንታዊና በአሉታዊ ቮልቴጅ መካከል የሚመላለስ ስለሆነ፣ በ3.3 ወይም በ1.8 ቮልት የሚሠራ እግር ላይ በቀጥታ ቢሰካ እግሩን ያጠፋዋል። ሰሌዳው ጠፍቶ ኬብሉ ብቻ ተሰክቶ ሲቆይም፣ በምልክት መስመሩ ሾልኮ የሚገባ ኃይል ሞጁሉን በግማሽ ያነቃውና ስታበሩት በትክክል አይነሳም። የእጅ አንጓ መሬት ማያያዣውን አድርጉ፤ ስታቲክ ኤሌክትሪክን ሰበብ አድርጌ መጠቀሜ አደጋው የለም ማለት አይደለም።

ሳትለኩ አትሰኩ እያልኩ የምመክራችሁ እኔ፣ ከማውቀው አብዛኛውን የተማርኩት ሳልለካ እየሰካሁ መሆኑን አልክድም። ደፋር ሁኑ የሚለውን ምክር ግን ከእኔ አትጠብቁ፤ የኔ ድፍረት ዋጋውን ያስከፈለው ሌላ ሰው ነው።

የወጣቷ ሞጁል አልሞተም ነበር። ኃይሉን አጥፍተን ጃምፐሮቹን አንድ በአንድ ከመመሪያው ጋር አመሳከርን፤ ሁሉም ትክክል ነበሩ። የሲሪያል ኬብሉ ማስተላለፊያ ሽቦ ግን ከሞጁሉ መቀበያ ጋር መገናኘት ሲገባው ከማስተላለፊያው ጋር ተገናኝቶ ነበር። ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይራ በሰከንድ 115200 ቢት ፍጥነት መስመሩን ስትከፍት ጽሑፉ መጣ። ሳቀች፤ እኔ ግን ካርቶኑ ላይ ያረፈውን ያንን መዳፍ እያሰብኩ ነበር።

ያ ወጣት ዛሬ የት እንደሚሠራ ጠይቄ አላገኘሁም። ይህ ጽሑፍ ከደረሰው ማንነቱን እሱ ያውቃል። በዚያ ሪፖርት የሰፈረው ምክንያት እውነት አይደለም። ጃምፐሯን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም ሞጁሎች የሰካሁት እኔ ነኝ፤ ሦስተኛውን ያዳነው እሱ ነው።