ጋሼ፣ ይህች ጀልባ ብራውንስ ካንየንን ታወጣኛለች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ባለፈው ሰመር ርካሽ የሚነፋ ካያክ ገዝቼ ከልጄ ጋር ሐይቅ ላይ ስንቀዝፍ ከረምን። አሁን የሥራ ባልደረቦቼ ጁን ላይ አርካንሳስ ወንዝን፣ ብራውንስ ካንየን የሚባለውን ቦታ እንውረድ ብለውኛል። እነሱ በትልቅ የጎማ ጀልባ ከጋይድ ጋር ነው የሚሄዱት። እኔ የ11 ዓመት ልጄን ከፊት አስቀምጬ በራሴ ካያክ ልከተላቸው አስቤያለሁ። ዋና እንደ ነገሩ እችላለሁ። ምን ይሉኛል?
ሰ.፣ ከኦሮራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተው። በዚያ ጀልባ፣ በዚያ ወር፣ ልጅ ይዘህ አይሆንም። ሐሳቡን ግን አልጠላሁትም። እኔ ራሴ ሰመር በመጣ ቁጥር እዚያው ወንዝ ላይ ነኝ፤ እንግዳ ይዤ እወርዳለሁ። ስለዚህ እንዴት እንደሚሆን ልንገርህ።

ከጀልባዋ እንጀምር። ለሐይቅ የተሠራ ካያክ ወለሉ ድፍን ነው። የገባው ውሃ መውጫ የለውም። ብራውንስ ካንየን ውስጥ የመጀመሪያው ማዕበል ጭንህ ላይ ሲያርፍ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ የተቀመጥክ ነው የሚመስልህ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 150 ሊትር ከገባ 150 ኪሎ ጫንክ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ብትቀዝፍም ጀልባዋ አትሰማህም። ለፈጣን ወንዝ የሚሠራው ካያክ ወለሉ ራሱ የተነፋ ነው። ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ዙሪያውን ቀዳዳ አለው። የገባው ውሃ በራሱ ጊዜ ይወጣል። አሜሪካኖቹ ‘ዳኪ’ ይሉታል። ቡዌና ቪስታና ሳላይዳ ከተማ ውስጥ ስለሚከራይ መግዛት የለብህም።

የሚነፋ ነገር ሌላም ጠባይ አለው። ጠዋት ጥርት አድርገህ ነፍተህ ፀሐይ ላይ ብትተወው አየሩ ይሰፋል፤ ስፌቱንም ሊያፈነዳው ይችላል። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ስታሳርፈው ደግሞ ይሟሽሻል። የሟሸሸ ካያክ ማዕበል ላይ ከመሃሉ ይታጠፋል። ስለዚህ ውሃው ላይ አስቀምጠህ፣ ትንሽ ጠብቀህ፣ እንደገና ፓምፕ አድርገው። ብዙ ሰው ይህቺን ይዘላታል።

አሁን ወሩ። አርካንሳስ የበረዶ ውሃ ነው። ከሮኪ ተራሮች የሚቀልጠው በረዶ ጁን ላይ በገፍ ይወርዳል። የወንዙ መጠን የሚለካው በሰከንድ በሚያልፍ ኪዩቢክ ጫማ ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ጫማ 28 ሊትር ግድም ይሆናል። በደህና ዓመት ጁን ላይ ቁጥሩ ብዙ ሺህ ይገባል። ከጁላይ 1 እስከ ኦገስት 15 ግን ከላይ ካሉት ግድቦች ውሃ እየለቀቁ 700 አካባቢ እንዲቆይ ይሞክራሉ። ያ ማለት በሰከንድ ወደ 20 ሺህ ሊትር ነው። ለጀማሪ ዳኪ እሱ ራሱ በቂ ነው። የወንዙ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋህ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ጁንን ለባልደረቦችህና ለጋይዳቸው ተውላቸው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እንዴት እንደሚቀዘፍ ነው። እኔ መጀመሪያ የማስተምረው መውደቅን ነው። ከዳኪ መውደቅህ አይቀርም፤ ወርደህ ምን እንደምታደርግ ነው ቁም ነገሩ። ስለዚህ ከመነሻው፣ ውሃው ከረጋበት ቦታ፣ ላይፍ ጃኬትህንና ሄልሜትህን አጥብቀህ ሆን ብለህ ጀልባዋን ገልብጣት። ውሃው ደረትህን ሲይዘው ትንፋሽህ ቁርጥ ይላል። አትደንግጥ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ያልፋል፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ። ከዚያ ጀልባዋን መልሰህ አዙራት። በአንድ እጅህ ከወዲያ ማዶ ያለውን ገመድ ያዝ፣ በእግርህ ውሃውን እየመታህ በሆድህ ተሳብና ወጥተህ ተኛባት፣ ከዚያ ዞረህ ተቀመጥ። ሲታይ ያስቃል። ሳይደክምህ ደጋግመህ ካልወጣህ ግን ያን ቀን ከኔ ጋር ወደ ካንየኑ አትገባም።

ጀልባዋ ካመለጠችህ በጀርባህ ተኛ፣ እግርህን ወደ ቁልቁል ዘርጋ፣ የእግርህ ጣቶች ከውሃው በላይ ይታዩ። ድንጋይ ሲመጣ በጫማህ ትገፋዋለህ። ውሃው ጉልበትህ ጋ ብቻ ቢሆንም እየሮጠ ከሆነ ልቁም አትበል። እግር በሁለት ድንጋይ መሃል ከተሰነቀረ ውሃው ከኋላ ገፍቶ በፊትህ ይደፋሃል፤ ጎበዝ ዋናተኛም የሚሞተው እንዲህ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ ከዳር ሆነው ሲያዩት ጉልበት የሚደርስ ውሃ ማንንም አያስፈራም።

ስለ ቀዘፋው አጠር ላድርግልህ። አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ ቀጥ አድርገህ ግባ፣ መሃሉ ላይ ስትደርስ መቅዘፍህን አታቁም። ሰው ሲፈራ መቅዘፊያውን አንስቶ ጎኗን ይይዛል፤ ያኔ ጀልባዋ ትዞርና በጎኗ ትመታለች። በጎንህ ወደ ድንጋይ ከተወሰድክ ደግሞ ሰውነትህ ከድንጋዩ ሽሽ ይልሃል። እንዳትሰማው። ከሸሸህ ውሃው ከላይ በኩል ያለውን ጎኗን ይረግጠውና ጀልባዋ ድንጋዩ ላይ ተጠምጥማ ትቀራለች። ወደ ድንጋዩ ተጠጋ፣ እቀፈው። ውሃው ከስር ያልፍና ይለቅሃል። ዳር ላይ የወደቀ ዛፍ ካየህ ግን ከሩቅ ጀምረህ ሽሽ። ውሃ በቅርንጫፍ መሃል ያልፋል፣ ሰው አያልፍም።

ልጁን በተመለከተ፣ የኮሎራዶ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት እንዲለብስ ያስገድዳል። ያ ግን ትንሹ ነገር ነው። አንተ ስትወድቅ እሱም አብሮህ ይወድቃል፣ ያኔ ማን ማንን ያወጣል? ዘንድሮ ትልቁ ጀልባ ላይ ከጋይድ ጋር ይቀመጥ። ኦገስት ላይ ከሳላይዳ በታች ቀለል ያለ የወንዙ ክፍል አለ፤ አንተ ዳኪህን እዚያ ጀምር። የፈጣን ውሃ አስቸጋሪነት ከአንድ እስከ ስድስት በደረጃ ይለካል፤ ብራውንስ ካንየን ሦስተኛው ነው፣ መጀመሪያ ሁለተኛውን ልመደው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳር ነው ያደግሁት። አጎቴ ታንኳ ቀዛፊ ስለነበር ከልጅነቴ ጀምሮ ጣና ላይ እቀዝፋለሁ። ከውጭ የመጣ ዘመድ የሚነፋ ካያክ አምጥቶልኛል። ከጢስ ዓባይ በታች በዓባይ መውረድ ይቻላል?
መ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ሰው ሞክሮታል። በ1968 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ወታደር ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ብዙ ሰው ይዞ፣ የጎማ ጀልባ ጭኖ ወርዷል፤ ከመካከላቸው አንዱ ሰጥሞ ቀርቷል። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከኢትዮጵያ ተነሥተው እስከ ሜዲትራኒያን ደርሰዋል። እነዚህ ዕድሜያቸውን ወንዝ ላይ የጨረሱ ሰዎች ናቸው፣ ስንቅና ቡድንም ነበራቸው። ከፏፏቴው በታች ሸለቆው ይጠልቃል፤ አንዴ ከገባሽ መንገድ ላይ ወጥቼ እመለሳለሁ ብሎ ነገር የለም። ዝቅ ሲል አዞ አለ። እኔ ብሆን አልገባም፣ አንቺም አትግቢ።

የታንኳው ልምድሽ ግን ከንቱ አይደለም። በደንገል ታንኳ ላይ ሚዛን የጠበቀ ሰው ዳኪ ላይ ሲቀመጥ ወገቡ ቶሎ ይለምዳል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የሐይቁን ዳር ዳር ይዘሽ ቀዝፊበት፣ ገልብጠሽ መውጣትንም እዚያው ተለማመጂ። ነፋስ ከሰዓት በኋላ ስለሚነሣ ጠዋት ውጪ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ከስር ተነሥቶ ጀልባ ይገለብጣል፤ የሚነፋ ጀልባ ደግሞ አንድ ንክሻ ይበቃዋል። የት የት እንደሚውሉ አጎትሽና ጓደኞቹ ያውቃሉና ሳትጠይቂያቸው ጀልባውን አትንፊ።