በነጻ ጫካ ማደር፦ ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ደን ለጠየቃችሁኝ

ዲሲና ሰሜን ቨርጂንያ ያላችሁ ብዙዎች ስለ ጫካ አዳር ጠይቃችሁኛል። እኔ በደንብ የማውቀው ቨርጂንያ ያለውን የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ስለሆነ የምመልሰው ስለ እሱ ነው።

እውነት በነጻ ነው?

አዎ። ከተዘጋጁት የካምፕ ቦታዎች ውጭ ድንኳን ለመትከል ክፍያም ፈቃድም አይጠየቅም። ሽንት ቤት፣ ቧንቧ፣ ቆሻሻ የሚያነሳ ሰው ግን የለም። አንድ ቦታ መቆየት የሚቻለው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 14 ቀን ነው። ጎረቤቱ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እዚያ ጫካ ለማደር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሰው ሁለቱን እያደባለቀ ይቸገራል።

ቦታውን በምን ላውቅ? ብቻዬን ሴት ነኝ።

ደኑን የሚያስተዳድረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ፎረስት ሰርቪስ፣ መኪና የተፈቀደባቸውን መንገዶች የሚያሳይ ነጻ ካርታ አለው። ቤት ሳለሽ ስልክሽ ላይ አውርጂው፣ ሸለቆ ውስጥ ስትገቢ ኔትወርክ ይጠፋል። የት እንደምታድሪና መቼ እንደምትመለሺ ለአንድ ሰው ንገሪ። ሌሎች ያደሩበትን፣ ሣሩ የተረገጠውን ቦታ ምረጪ፤ አዲስ መሬት አትክፈቺ። ከወንዝ 200 ጫማ ራቂ፣ ወደ 70 ረጃጅም እርምጃ ነው። ከመትከልሽ በፊት ቀና ብለሽ እዪ። አሽ የሚባሉትን ብዙ ዛፎች አንድ አረንጓዴ ጥንዚዛ አድርቋቸዋል። ቆመው ይታያሉ እንጂ ንፋስ ሲመጣ ቅርንጫፋቸው ይወርዳል።

ከሰል ይዘን ቡና ብናፈላስ?

ይህን በጣም ብዙ ሰው ጠይቆኛል። በቨርጂንያ ሕግ ከፌብሩዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ በጫካ አጠገብ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከ4 ሰዓት በፊት ማለት ነው፣ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። በዚያ ወቅት ዛፉ ገና ቅጠል አላወጣም። ፀሐይ መሬት ላይ ያለውን ያለፈውን ዓመት ቅጠል ታደርቀዋለች፣ ቀን ላይ ደግሞ ንፋሱ ይበረታል። አንዲት ፍንጣሪ ትበቃለች።

ስለዚህ ከሰሉን ቤት ተዉት፣ የሚዘጋና የሚከፈት የጋዝ ምድጃ ያዙ። ጀበና ቂጡ ክብ ስለሆነ ትንንሾቹ ምድጃዎች ላይ ይንገዳገዳል፤ ባለ ሁለት እሳቱ ሰፊ ምድጃ ይሻላል። በተፈቀደ ጊዜ እሳት ካነደዳችሁ ደግሞ አመድ ለብሶ የጠፋ የሚመስለውን ረመጥ አትመኑ። ውኃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ ደግማችሁ አፍስሱ፣ በእጃችሁ ጀርባ ፈትሹ። ሙቀት ካለ አትሂዱ። እንጨትም ከቤት ጭናችሁ አትምጡ፣ ያንን ጥንዚዛ ከአገር አገር የሚያዞረው እሱ ነው። እዚያው የወደቀ ደረቅ እንጨት ልቀሙ።

ልጄ፣ ድብ አለ ይላሉ። የልጅ ልጆቼን ይዤ ነው።

አለ እናቴ፣ ጥቁር ድብ ነው። የሚስበው ሽታ ነው። ጥብሱም፣ ቅቤውም፣ የልጆቹ ከረሜላም፣ የጥርስ ሳሙናውም ድንኳን ውስጥ እንዳይገባ። ሁሉንም መኪና ውስጥ ይቆልፉበት። እኔ ከድቡ ይልቅ መዥገር ያሳስበኛል፣ ላይም የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ማታ ማታ የልጆቹን ብብት፣ የጉልበታቸውን ጀርባና የፀጉራቸውን ሥር ይዩላቸው።

የሽንት ቤቱስ ነገር? እያፈርኩ ነው የምጠይቀው።

ምን ያሳፍራል! ትንሽ አካፋ ያዝ። ከውኃ፣ ከመንገድና ከድንኳን 200 ጫማ ርቀህ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍር፣ መልሰህ ሙላው። ሶፍቱን ግን በፌስታል አድርገህ ይዘኸው ውጣ። ድንጋይ ሥር የተወተፈ ነጭ ሶፍት ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ።

የማኅበራችን ሰው 80 ይሆናል። ይቻላል?

75 እና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ፈቃድ ግዴታ ነው። አይከፈልበትም፣ ግን የደኑን ቢሮ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። በበኩሌ 80 ሰው ሽንት ቤት ወደሌለበት ውሰዱ አልልም። ለቡድን የተዘጋጀ የካምፕ ቦታ ተከራዩ፤ ለአንድ ሰው ሲካፈል ብዙም አይከብድም።